«ዕድሜ ነው» የሚለው ፍርድ

በእርጅና ዘመን የሚታየው የማስታወስ፣ የማመዛዘንና የመወሰን ችሎታ መዳከም የዕድሜ ብቻ ውጤት ነው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ከገጠር እስከ ከተማ ሥር ሰድዶ ይገኛል፤ «ዕድሜ ነው»፣ «ጃጅተዋል» የሚሉት አጫጭር አነጋገሮችም እንደ ምርመራ ውጤት ተቆጥረው ከዚያ በኋላ የሚጠይቅም ሆነ የሚመረምር ይጠፋል። ነገር ግን «እርጅና ብቻህን ና» የሚለው የቆየ ምኞት ሕዝቡ ራሱ እርጅናን አንድ ነገር፣ ከእርጅና ጋር ተጭኖ የሚመጣውን መከራ ደግሞ ሌላ ነገር አድርጎ እንደሚያይ ይመሰክራል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ሁሉንም በዕድሜ ማሳበብ ከዚህ ማስተዋል ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ከዚያም በላይ ድህነት፣ የትምህርት እጦትና ብቸኝነት ያደረሱትን ጉዳት ተጠያቂ አልባ ያደርጋል።

የመርሳት በሽታ ወይም በሕክምናው አጠራር ዲሜንሺያ የሚባለው፣ የማስታወስ፣ የማሰብና የዕለት ኑሮን የመምራት ችሎታን የሚያዳክሙ የተለያዩ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ ከእነዚህ በስፋት የሚታየው አልዛይመር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የዲሜንሺያ ጫና እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። በዝርዝሩ ውስጥ የትምህርት ማነስ፣ ያልታከመ የማየት ችግር፣ የመስማት ችሎታ መቀነስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የአየር ብክለት፣ ድባቴና ከሰው መገለል ይገኛሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በማእድ ቤትና በጉርብትና ውስጥ የሚወሰኑ የኑሮ ጉዳዮች ናቸው።

ትምህርት ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ በትውልዶች ላይ የተካሄደው ክትትል እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ በዲሜንሺያ አዲስ የሚያዙ ሰዎች ምጣኔ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 20 በመቶ ቀንሷል፤ ቅናሹ የታየው ግን ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃን ባጠናቀቁት ላይ ብቻ ነበር። ብቸኛው ፈራጅ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ በአንድ ከተማ የኖሩ እኩዮች ዕጣ በትምህርት ደረጃቸው ባልተለያየ ነበር። ተመራማሪዎች ለዚህ ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ በአማርኛ የአእምሮ ስንቅ ሊባል የሚችለው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም በትምህርት፣ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ የዳበረ አእምሮ፣ አንጎል ላይ ጉዳት ሲደርስ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሥራውን ሳያቋርጥ መቆየት ይችላል ማለት ነው። በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ዛሬ ሰባ ዓመት የተሻገሩት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ብዙዎቹም የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። ስንቅ ሳይሰጡ የላኩትን መንገደኛ በመንገድ ዛለ ብሎ መውቀስ ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

የጤና አገልግሎት እጦትም በተመሳሳይ መንገድ የእርጅና ስም ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ምክንያት የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ችግር ነው። ሞራ የጋረዳቸው አባት በመንገድ ላይ ያገኙትን ጎረቤት ሰላም ሳይሉ ሲያልፉ «ሰው መለየት አቆሙ» ይባላል፤ ጆሯቸው የደከመ እናት ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ መልስ ሲሰጡ «ጃጁ» ይባላል። ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልክ በኩበትና በጭራሮ እንጀራ መጋገርም ሆነ ሳይለካ የኖረ የደም ግፊት በጉዳቱ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ሳይንሳዊ የሚመስለው ምርመራም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ መመዘኛ፣ ቀንን ከመጠየቅ አልፎ ዓረፍተ ነገር እንዲነበብና እንዲጻፍ ያዛል። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ እናት «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ተብለው «ሚካኤል ነው» ሲሉ ወሩ በገባ 12ኛው ቀን መሆኑን በትክክል ተናግረዋል፤ መልሱን ለመረዳት የኑሯቸውን አቆጣጠር ማወቅ ግድ ይላል። በቤት ውስጥ የታመመው «አርጅቷል» ተብሎ ሲታለፍ፣ በመመዘኛው ፊት ደግሞ ያልተማረው ታመመ ሊባል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ፍርዱ ራሱ ሕመሙን የሚያባብስ መሆኑ ነው። «ጃጅተዋል» የተባሉ አዛውንት ከገበያ ይቀራሉ፣ ገንዘብ አይሰጣቸውም፣ ለሽምግልና አይጠሩም፣ በቤት ጉዳይም አይማከሩም፤ በዚህ መንገድ አእምሯቸውን ሲያሠራ የኖረው ሁሉ አንድ በአንድ ይነጠቃል። ደመወዝተኛው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ከሥራ ጓዶቹ ይለያል፤ ከጡረታ ሥርዓቱ ውጭ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ የልጅ እጅ ጠባቂ ይሆናል። ለቀብር በአንድ ጀንበር ድንኳን የሚተክለው ዕድር፣ በሕይወት ያለውን አባሉን ለመጠየቅ ተመሳሳይ ትጋት የሚያሳይበት ደንብ በአብዛኛው የለውም።

እርግጥ ዕድሜ ከሁሉ የጠነከረው አጋላጭ ነው፤ ዘርም ድርሻ አለው፤ 45 በመቶ የተባለውም ለሕዝብ የተሠላ ግምት እንጂ ለአንድ ግለሰብ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። «ዕድሜ ነው» የሚለው አባባልም ብዙ ጊዜ ከፍቅር የመነጨ፣ ታማሚውን ዕብድ ከመባል የሚሸፍን መጋረጃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም መጋረጃው ክብርን የሚጠብቀውን ያህል ሕክምናን ይከለክላል። የሚያስፈልገው የደም ግፊት ልኬትንና የዓይን ቀዶ ሕክምናን እስከ ገጠር ማድረስ፣ የጎልማሶች ትምህርትን ለአዛውንትም መክፈት፣ የጡረታ መዋጮ ላልከፈሉ አረጋውያን የዕለት መተዳደሪያ መስጠትና መመዘኛዎችን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። ቤተሰብም ዕድሜን ከመወንጀሉ በፊት ሦስት ነገሮችን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ አዛውንቱ አጥርተው ያያሉ ወይ፣ የደም ግፊታቸው መቼ ተለካ፣ በዚህ ሳምንትስ ምክራቸውን የጠየቃቸው ማን ነው?