ፕሮፋይል የማይሸፍነው ጥፋት

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ቤት የሚሠራ ሰው ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቱ እንጨት፣ ለኩሽናውና ለመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ቢመርጥ አይፈረድበትም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በነሐሴ ማለዳ ሴራሚክ በባዶ እግሩ የረገጠ ምክንያቱን ያውቀዋል። እንጨት ይሞቃል፣ ሴራሚክ ውሃ ይችላል፤ ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። ጥፋቱ የሚጀምረው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እዚያ ላይ በየሳይቱ የሚደጋገም አንድ መልስ አለ፦ «አያስቡ ጋሼ፣ ፕሮፋይል ይሸፍነዋል።» ጠቤ ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ፕሮፋይል «ሲሸፍን» ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወርቃማ ቀለም የተቀባ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ አንዱ ጠርዙ ሴራሚኩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ወደ ላሚኔቱ አዘንብሏል፣ መሐሉ ሲረገጥ ቋ ይላል። አንዱ ብሎን ወልቆ ቀዳዳውን የእጣን አመድና የፈንዲሻ ፍርፋሪ ሞልቶታል። እግር በሚበዛበት በኩል ቀለሙ ተልጦ ነጩ ብረት ወጥቷል። የቤቱ ሰው ረከቦት ተሸክሞ ከኩሽና ሲወጣ እዚያ ቦታ ላይ እግሩን ከፍ ማድረግ ለምዷል። እንግዳ ግን ይደናቀፋል።

ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም። በእኛ አገር ሴራሚክ በብዛት የሚነጠፈው በወፍራም የሲሚንቶ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው 25 ሚሊ ሜትር፣ ሴራሚኩ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን በድምሩ 34 ነው። ላሚኔቱ 8፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ስፖንጅ ደግሞ 2 ወይም 3፤ ቢበዛ 11 ይሆናል። ልዩነቱ 23 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ነው። እንግዲህ በላሚኔቱ በኩል የሚፈሰው ሊሾ በዚያው ልክ ከፍ ማለት ነበረበት። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ግን ሁለቱም ዕቃዎች ተመርጠው ውፍረታቸው መታወቅ አለበት። የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ ሊሾው ቤቱን ሙሉ በአንድ ውሃ ልክ ይፈስሳል፣ ሴራሚኩ ይነጠፋል፣ ላሚኔቱ ከወራት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። ያኔ ከፕሮፋይል ሌላ ምርጫ አይኖርም። ነገሩ የገባው ባለሙያ ከላይ ወደ ታች ነው የሚለካው። የሚረገጠውን ከፍታ መጀመሪያ ይወስናል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ውፍረት እየቀነሰ ወደ ኮንክሪቱ ይወርዳል።

ሠራተኞቻችን ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ሴራሚክ ሠሪው የሚከፈለው በካሬ ነው፤ ላሚኔት ገጣሚውም እንደዚያው። መገናኛው ደግሞ ካሬ የለውም። 90 ሴንቲ ሜትር በምትሆን በር ሥር ሴራሚኩን ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥና ጠርዙን ለማለስለስ ግማሽ ቀን ያጠፋ ሰው ያንን ግማሽ ቀን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ዞኮሎ እንኳ በሜትር ተለክቶ ይከፈልበታል! ሴራሚክ ሠሪው «የላሚኔቱ ሰው ያስተካክለዋል» ብሎ ይሄዳል፣ የላሚኔቱ ሰው «እኔ ስመጣ እንዲህ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱን ያላገናኘው ባለቤቱ ነው፤ ወይም ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ያስቀመጠው ፎርማን።

ችግሩ ለከተማችን አዲስ መሆኑም መረሳት የለበትም። ምኒልክ በጥቅምት 1882 በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡም ሆነ ከተማው ወደ ፍልውሃ ወርዶ በጣውላ ወለል ያማሩት የፒያሳ ቤቶች ሲሠሩ፣ ማድቤት ጓሮ ነበር። እንጨትና እርጥብ ወለል አንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ እምብዛም አይታይም ነበርና ከአባት አናጢ ወደ ልጅ የወረደ ብልሃት ባይኖር አይገርምም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ኩሽናው ከሳሎኑ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ቤቶች ፊኒሺንጋቸው ሳያልቅ ስለሚተላለፉ ደግሞ እያንዳንዱ ባለ ዕጣ በየፊናው ሠራተኛ ቀጠረ፤ ዛሬ ሴራሚክ፣ ከርሞ ላሚኔት። ያ ልማድ አሁን ብዙ ሚሊዮን በሚወጣባቸው ቪላዎችም ውስጥ ሳይለወጥ ገብቷል።

ከፍታው ቢስተካከልም ሌላ ጣጣ አለ። እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ሴራሚክ በቦታው ነው። እንጦጦ ላይ ሐምሌና ነሐሴን ጭጋግ ውስጥ የከረመ ወለል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በደረቅ ነፋስ ይመታል። ላሚኔት በዙሪያው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ይተውልኝ የሚለው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ያንን ክፍተት ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ነጭ ሲሚንቶ በጥብጦ ይደፍነዋል። ወይም ፕሮፋይሉን በላሚኔቱ ላይ አሳልፎ በፊሸርና በብሎን ከኮንክሪቱ ጋር ይቸነክረዋል። በሌላኛው ጫፍ ከባድ ቁም ሳጥን ከተቀመጠበት ወለሉ መሄጃ ያጣል፤ ቀጣዩ ክረምት ሲገባ መሐሉ ይነሳል። ከዚያ «የቻይና ላሚኔት» ይሰደባል።

ውሃውም አለ። በዓል ሲመጣ ቄጤማ ከነርጥበቱ ይጎዘጎዛል፣ ኩሽና በባልዲ ውሃ ይታጠባል፣ ውሃውም ወደ ሳሎን በመጥረጊያ ይገፋል። ላሚኔት ውስጡ የታመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ በተቆረጠ ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ያበጠ ጠርዝ ደግሞ ፕሮፋይሉን ከሥሩ ይገፋዋል።

ፕሮፋይልን ራሱን አልጠላም። ሁለቱ ወለሎች እኩል ከሆኑ፣ እግሩ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ኮንክሪቱን ብቻ የሚይዝ ቀጭን ቲ ቅርጽ ጥሩ ነገር ነው። ለፓርኬ የቡሽ ቁራጭ ይበልጣል። መስመሩም የተዘጋው በር ሥር ይዋል፤ በሩ ሲዘጋ ከሳሎን ሴራሚክ፣ ከኩሽና እንጨት መታየት የለበትም። ይህ ትንሽ ነገር እንዴት እንደሚረሳ አይገባኝም።

ሰሞኑን ደግሞ ተቃራኒው ፋሽን መጥቷል። ባለ ስድስት ማዕዘን ሴራሚክ ከኩሽናው እየፈሰሰ ወደ እንጨቱ የሚገባበትን ፎቶ ከስልክ እያሳዩ «እንደዚህ ሥሩልኝ» ማለት። ፎቶው ላይ ያምራል። ነገር ግን እንጨቱ የእያንዳንዱን ማዕዘን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚቆረጥ፣ መንቀሳቀሻውን በዚያ ሁሉ ጥግ ላይ እኩል መተውና በሚለጠጥ መሙያ መሙላት ይጠይቃል። ቀጥ ያለ 90 ሴንቲ ሜትር ያልተሳካለት ሳይት ይህን ይሞክራል። አንዱ የደበቀውን ሌላው ለመርሳት ይሞክራል እንጂ ሁለቱም መገናኛውን የሚያስቡት መጨረሻ ላይ ነው።

የእንግዳ ማረፊያ ለሚሠሩት አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን የሕንፃ ሕግ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መዳረሻ እንዲኖረው ያስገድዳል። መግቢያው ላይ ራምፕ ሠርቶ ምግብ አዳራሹ በር ላይ የ2 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ማስቀመጥ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም። ዊልቸር ለሚገፋውም፣ በከዘራ ለሚሄዱት አዛውንትም ያቺ ጠርዝ ግድግዳ ናት።

ወጪ ይጨምራል የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ ይጨምራል፤ የግማሽ ቀን ሥራና ትንሽ ሲሚንቶ። ስለዚህ ከሠራተኛው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ፣ ከካሬው ዋጋ ሥር፣ «የእንጨትና የሴራሚክ መገናኛ፣ በሜትር» የሚል አንድ መስመር ከነዋጋው ይግባ። ሴራሚክ ሠሪው ገንዘብ ያለበትን መስመር ካየ ስለ ላሚኔቱ ውፍረት ራሱ ይጠይቃል፤ «ቁራጩን ከነስፖንጁ አምጡልኝ» ይላል። ቁራጩ በእጁ ሳይገባ ጭቃ ማቡካት ከጀመረ ባለቤቱ ሥራውን ያስቁም።