ድንኳኑ ሳይተከል

በአገራችን ሰው ብቻውን አያለቅስም። ጎሕ ሳይቀድ ጥሩንባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ሲለፍፍ፣ ድንኳኑ ከነምሰሶው፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ ሐዘንተኛው ደጅ ሲጋዝ፣ ጸሐፊውም መዝገቡን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የመጣውን ከቀረው በስም ጥሪ ሲለይ ያየ እንግዳ፣ ይህ ሕዝብ የተጎዳን ሰው ከብቸኝነት መጠበቅን ከአያቶቹ የተማረ መሆኑን ለመመስከር አይቸገርም። ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ያህል ብቻውን አያድርም፤ ሊበላ ባይወድም ቤቱ እንጀራ አያጣም፤ እንባው እስኪያባራ፣ እርሙን እስኪያወጣ ሰው ከአጠገቡ አይነሣም። የዘመናችን ሐኪሞች ልቡናው በመከራ ለቆሰለ ሰው ከሚመክሩት አብዛኛው በለቅሶ ቤታችን ሥርዐት ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት የልጆቻቸውን አስከሬን ሳያዩ መርዶ ብቻ የተረዱ፣ ወይም መርዶውም ያልደረሳቸው ወላጆች፣ ሐዘናቸው እስከ ዛሬ ድረስ መቋጫ ያጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሥርዐት በወጉ ሳይፈጸምላቸው መቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዕድርን የምወድደው ከሃያ ዓመት በላይ አባል ሆኜ ደግነቱን ስላየሁ ነው፤ የሚከተለውንም የምጽፈው በዚያው ፍቅር ነው። በሰፈራችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ወርኀዊ መዋጮአቸውን አንድም ጊዜ ሳያጓድሉ የከፈሉ፣ በሰው ለቅሶ እንጀራ ሲጋግሩ ያደሩ። አንድ ልጃቸው ገና በጕልማሳነቱ አእምሮው ታወከ፤ ሌሊት ሌሊት ለሌላው የማይታይ ሰው ያናግር፣ ቀን ቀን ከጓሮው ክፍል አልወጣም ይል ጀመር። የጓሮው በር መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነበር፤ ከበሩም ሥር ሳሕን የምታልፍበት ያህል ክፍተት ነበረች። ጎረቤቱ በክፋት አልራቀም፤ አንዱ ልክፍት ነው ብሎ ፈራ፣ አንዱ የሰው ገመና ማየት ነውር መሰለው፣ አንዱም የሚናገረው ቃል ጠፋው፤ ብቻ በዚያ ደጃፍ «ቡና ጠጡ» የሚለው ድምፅ ቀስ በቀስ ቀረ። ልጁ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሕመም ባረፈ ጊዜ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፤ ስሜ ሲጠራ እኔም «አቤት» አልሁ። እናቱ ድንኳኑን ሞልቶ የተቀመጠውን ሰው ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ ይህን ሁሉ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ቢያይ ምን ነበረበት» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ስለ አእምሮ ሕክምና ሲነሣ በአገራችን ከሁሉ በፊት የሚጠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታትም ሕሙማን ከየጠቅላይ ግዛቱ ሩቅ መንገድ እየተጓዙ ወደዚያው ሲመጡ ኖረዋል። በዚህ ሙያ ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ክልል ሆስፒታሎችና ወደ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች መውረዱ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን መድኃኒት የሚቀበሉበት ቀን በወር አንድ ቢሆን፣ የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀኖች የሚያልፉት በቤትና በሰፈር ነው።

በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተደረገ አንድ ጥናት ይህንኑ በገሃድ አሳይቷል። ስኪዞፍሬንያ በተባለው ጽኑ ሕመም የተያዙ 166 ሰዎች ተካፋይ ሆነው፣ ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና እንዲያገኙ ሲደረግ፣ ለከፊሎቹ ግን ከዚያው ከአካባቢያቸው የተመረጡና ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ቤተ ሰቡን ያስረዱ፣ ሕሙሙን ወደ ሥራና ወደ ጉርብትና ይመልሱ፣ የአካባቢውን ሽማግሎችና የሃይማኖት አባቶች ያነጋግሩ ነበር። ከዐሥራ ሁለት ወር በኋላ እነዚህኞቹ የጤና ጣቢያውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ሲመሩ ተገኙ።

ጸበሉንና ክኒኑን እንደ ባላንጣ ማየትም ብዙ ሕሙማንን ጎድቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪን መድኃኒት ምክንያት አድርገው፣ ምእመናን ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን ቢወስዱ ኃጢአት እንዳልሆነ ማስረዳታቸው ለአእምሮ ሕሙማንም በየጸበሉ ቦታ ሊደገም የሚገባው ትምህርት ነው። በወንጌልም በመቃብር ሥፍራ በሰንሰለት ይታሰር የነበረው ሰው ከተፈወሰ በኋላ ከጌታ ጋር ልሂድ ብሎ ቢለምን፣ የታዘዘው ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ እንዲመለስ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቍጥር ወገኖቹ እንዴት ተቀበሉት ይሆን እያልሁ አስባለሁ፤ በሩን ከፍተው ማዕድ አቅርበውለት እንደ ሆነ ፈውሱ በዚያ ማዕድ ጸንቷል።

በሱስ ለተያዘውስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች መሸጥንም ከልክሏል። ከሠርግ ቤት ግን «በሞቴ»ን የሚያስወጣ አዋጅ የለም። ከአረቄ ከተለየ ሰባት ወር የሞላው አንድ ወዳጄ በክርስትና ግብዣ ላይ ተቀምጦ፣ አስተናጋጁ ብርሌውን እስከ አፉ አድርሶ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ሲለው፣ እጁ ከጠረጴዛው በታች የነጠላውን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ያንን ብርሌ ዝም ብላ አንሥታ በምትኩ ብርዝ የቀዳችለት የቤቱ እመቤት፣ በዚያች ቅጽበት የሠራችው የሐኪም ሥራ ነበር።

ዕድር ሕያው ሕሙምን እንዲህ መደገፍ አይችልም የሚል ሰው ያለፈውን ያስታውስ። በኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች የመቅበሪያውን ገንዘብ ለሕያው ማውጣት ደንብ ያፈርሳል የሚለውን ክርክር አልፈው፣ ሕሙማንን በቤታቸው ወደ መጠየቅና የሙት ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። መዝገቡ፣ ሣጥኑ፣ ተራው፣ ቅጣቱም ሁሉ ዛሬም በእጃችን ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ አንቀጽ አቅርቤአለሁ። በአእምሮ ሕመም ወይም በሱስ የሚሠቃይ ሰው ባለበት ቤት፣ ሕሙሙና ቤተ ሰቡ ሲፈቅዱ፣ ሁለት ሁለት አባላት በየሳምንቱ በተራ ይሂዱ፤ ቡና አብረው ይጠጡ፤ በቀጠሮው ቀን አንዱ እስከ ጤና ጣቢያው ይሸኝ፤ የመጓጓዣው ወጪ ከሣጥኑ ይከፈል፤ በዚያ ቤት ያዩትንም ወጥተው አያውሩ፤ ተራውን ያጓደለ ከቀብር እንደ ቀረ ተቈጥሮ ይቀጣ። የመጀመሪያው ተረኛ አድርጎ እንዲመዘግበኝ ጸሐፊውን ለምኜዋለሁ።