የ4 ሰዓቱ ደወል

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የዕለት እረፍት ዋስትና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ኮልፌ ውስጥ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ የሚገኝ ሰው የእረፍት ደወል መደወሉን ሳይነገረው ያውቃል። ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ፣ ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና ከየትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የልጆች ጩኸት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በአጥሩ ክፍተት አጮልቆ ለሚያይ ግን ብዙ ጊዜ ሜዳው ላይ የሚሯሯጡት ትንንሾቹ ናቸው። የ5ኛና የ6ኛ ክፍሎቹ በመስኮት ይታያሉ። ደወሉን ያልሰሙ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ከእነዚህ ልጆች የአንዱ እናት ናት። ነገሩን ልብ ያለችው በልጇ ምሳ ዕቃ ነው። ጠዋት የቋጠረችለት ዳቦና እንቁላል ማታ እንዳለ ተመልሶ መጣ። ስትጠይቀው «ኖት ስላልጨረስን እረፍት አልወጣንም» አላት። በሌላ ቀን ሁለት ልጆች ስላወሩ ክፍሉ በሙሉ ተቀጥቶ ቀረ። በሌላው ደግሞ መምህሩ ሳይገቡ የቀሩበትን ክፍለ ጊዜ ያካካሱት በእረፍት ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ እናትየው ልጁ እረፍት በወጣበት ቀን ሁሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ምልክት ታደርግ ጀመር። በአንዱ ሳምንት ከአምስቱ ቀናት ልጁ ሜዳ የረገጠው ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ አገኘችው። የትምህርት ቤቱ ስም እዚህ አይነሣም። ልጆቻቸውን ሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጎረቤቶቿም ያንኑ ታሪክ ስለሚናገሩ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለም።

ቢሮው «እረፍትማ በፕሮግራሙ ላይ አለ» ሊል ይችላል። አለ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፕሮግራም፣ በ40 ደቂቃዎቹ ክፍለ ጊዜዎች መካከል «እረፍት» የምትል ጠባብ መስመር ተሰምራለች። ችግሩ ይህች መስመር ጠያቂ የሌላት መሆኗ ነው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢታጠፍ መምህሩ ያመለክታሉ፣ ርእሰ መምህሩ ይጠይቃሉ፣ ወላጅም ይሰማል። እረፍት ቢታጠፍ ግን መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው የለም። የዘገየ ትምህርት ከእሱ ይቆረሳል፣ የደብተር እርማት ከእሱ ይቆረሳል፣ የቀረችውን ትንሽ ደቂቃ ደግሞ የሽንት ቤትና የውኃ ወረፋ ይጨርሳታል። ለላይኞቹ ክፍሎች እረፍት ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል።

ጫናው ከየት እንደመጣ ወላጅም መምህርም ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845 ሺህ ተፈታኞች ውስጥ 3.2 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ በዜና ከተነገረ ወዲህ ድንጋጤው ከ12ኛ ክፍል ወደ ታች እየወረደ ሚኒስትሪ ወደሚፈተኑት የ8ኛ ክፍሎች፣ ከዚያም ከተማ አቀፍ ፈተና ወደሚጠብቃቸው የ6ኛ ክፍሎች ደረሰ። ወላጆችም በዚህ ውስጥ እጃቸው አለበት። ቅዳሜም ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ ብለው በየስብሰባው የጠየቁት እነሱ ናቸው፤ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊም ፈርማለች። ያኔ የልጇ የጠዋት 20 ደቂቃ ለዚሁ ፈተና ተብሎ እየተሸራረፈ መሆኑን አላወቀችም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ መሥዋዕትነት ለውጤት ተብሎ ቢከፈልም እረፍት የተነፈገ ልጅ ይበልጥ እንደሚማር የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ያለው ማስረጃ በተቃራኒው ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልክ በዚህ ዕድሜ ላይ ያተኮረ ነበር። ተመራማሪዎቹ እረፍት ያልተለመደበት ትምህርት ቤት ገብተው 43 የ4ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንዲወጡ አስፈቀዱ፤ ከዚያም ልጆቹ በወጡበትና ባልወጡበት ቀን ክፍል ውስጥ የሚያደርጉትን ተከታተሉ። እረፍት በወጡበት ቀን ልጆቹ በሥራቸው ላይ ይበልጥ ያተኩሩ፣ መቁነጥነጡንም ይቀንሱ ነበር። ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ያለባቸው አምስት ልጆች በክፍሎቹ ውስጥ ነበሩ፤ አምስቱም ተጠቀሙ። ኮልፌ ውስጥ ከእረፍት ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግኝት ሆድ ያባባል። መጀመሪያ የሚቀጣው የሚቁነጠነጠው ልጅ ነው፤ ኖቱን የማይጨርሰውም እሱ ነው።

ከዚያ 11 ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት ገደማ የሆነ 20 ልጆችን ለ20 ደቂቃ በእግር አስኬዱ። ልጆቹ ከተራመዱ በኋላ በትኩረት መለኪያም በንባብ ፈተናም ቁጭ ብለው ካሳለፉበት ጊዜ የተሻለ ሠሩ። ጥናቶቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠሩ መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በመስኩ የተጠራቀመውን ዕውቀት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መግለጫ አቋሙን ያለማመንታት አስቀምጧል፦ እረፍት ለቅጣትም ሆነ ለተጨማሪ ትምህርት ተብሎ ከልጅ ሊወሰድ አይገባም።

ፊንላንድ ውስጥ 45 ደቂቃ የተማረ ልጅ 15 ደቂቃ መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። ፊንላንድ ሩቅ ናት፣ ሀብታምም ናት የሚል ቢኖር ቤጂንግን ይመልከት። በፈተና ጭንቀት ከቻይና የሚበልጥ አገር ማግኘት ያስቸግራል። እንዲያም ሆኖ የቤጂንግ ትምህርት ኮሚሽን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለውን የ10 ደቂቃ እረፍት ወደ 15 ደቂቃ አሳድጎ ልጆቹ ከክፍል እንዲወጡ አዘዘ።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የማረፍና የመጫወት መብት ያውቃል፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 12 ይህንኑ ይደግማል። ለኮልፌ ክፍሎች የበለጠ የሚቀርበው ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው። ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ዱላው በሕግ ከክፍል ሲወጣ 40 እና 50 ልጅ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ መምህር በምትኩ የተሰጠው ነገር እምብዛም ነው። «ዛሬ እረፍት የለም» ማለት የማይጮኽ፣ ምልክት የማይተው፣ ወላጅም የማያየው ቅጣት ሆነና ቦታውን ያዘ። ይህን የሚያደርጉ መምህራን ክፉዎች አይደሉም፤ ሌላ መላ ያጡ ናቸው። ቢሮው ክልከላ ሲያወጣ በዚያው አንድ ክፍል ያለ ቅጣት እንዴት እንደሚያዝ ሥልጠና ቢያስከትል መምህራኑንም ያግዛል።

እረፍቱ ሲኖርም የሚደርሰው ለሁሉም እኩል አይደለም። የላይኞቹ ክፍሎች ወንዶች ኳስ ይዘው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። እስከ 3ኛ ክፍል ሱዚ ሲዘሉ፣ ፔፕሲና ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ የነበሩት ሴቶች 5ኛ ክፍል ሲደርሱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። በ11 እና በ12 ዓመት የወር አበባ የምታይ ልጅም በዚያው አጭር ሰዓት ሽንት ቤት ወረፋ ይዛ፣ ታጥባ፣ ወደ ክፍል መመለስ አለባት። እረፍቱ ከተሸራረፈ እሷ የምታጣው ጨዋታውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሰዓቱ ሲጠበቅ ሜዳውም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል፤ ለኳስ የሚሆን ተራ፣ ለገመድና ለሱዚ የተከለለ ጥግ መመደብ ለአንድ ርእሰ መምህር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሜዳ የሌላቸውም አሉ። በቤተል፣ በዓለም ባንክና በአየር ጤና ለመኖሪያ በተሠሩ የኪራይ ግቢዎች ውስጥ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችን ማየት እንግዳ አይደለም። ግቢው የመኪና ማቆሚያ ያህል ስለሆነ ልጆቹ የሚወጡት በፈረቃ ነው፤ ጊዜ ሲያጥር ደግሞ የትልልቆቹ ተራ ይዘለላል። እዚህ ላይ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እናቶች ተሞክሮ ይጠቅማል። በዚያ ግዛት «የእረፍት እናቶች» የሚል ስም የወጣላቸው ወላጆች ልጆቻቸው በፈተና ዝግጅት ምክንያት እረፍት አጥተው ሲያዩ የምክር ቤት አባላትን ደጅ ይጠኑ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕግ ረቂቃቸው ሴኔት ላይ ሳያልፍ ቀረ። በዓመቱ ተመልሰው መጡና እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በየቀኑ ሳይቆራረጥ 20 ደቂቃ የሚሰጥ ሕግ አስወጡ። ሕጉ ግን በመንግሥት ገንዘብ በግል የሚተዳደሩትን ቻርተር ትምህርት ቤቶች ሳይጨምር ቀረ፤ በእነሱ የሚማሩ ልጆች ከጥበቃው ውጭ ሆኑ። አዲስ አበባም ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብቻ መመሪያ ብታወጣ ያው ቀዳዳ ይከፈታል፤ በኮልፌ ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ ነው።

ይህ ደብዳቤ ለቢሮው አዲስ ሐሳብ ይዞ አልመጣም፤ ከተማዋ ራሷ የጀመረችውን ነው የሚያስታውሰው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስና ብስክሌት ይዘው ወጡ። ከተማ አስተዳደሩ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙ ለትንንሽ ልጆች የመጫወቻ ቦታ እያዘጋጀ ነው፤ ጨዋታ የልጅ አእምሮ ማደጊያ መሆኑንም ይናገራል። ታዲያ ያ ልጅ 10 ዓመት ሲሞላው አእምሮው ማደጉን ያቆማል? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተራበ ልጅ አይማርም ተብሎ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መመገብ ተጀምሯል። ያ ውሳኔ እህል፣ ወጥ ቤት፣ እናቶችን መቅጠር፣ በየዓመቱም ትልቅ በጀት ጠይቋል። እረፍትን መጠበቅ ከዚህ አንጻር የሚጠይቀው እዚህ ግባ አይባልም፦ አንድ መመሪያ፣ በተራ ሜዳ የሚጠብቁ ሁለት መምህራን፣ የሚከበር ደወል።

የሚጠየቀውም ይኸው ነው። ቢሮው በየዓመቱ ከሚያወጣው የትምህርት ካላንደር ጋር ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ማንኛውም ተማሪ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ከምሳ ሰዓት ውጭ በየቀኑ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከክፍል እንዲወጣ ይደንግግ። የምገባ ወረፋ ከዚህ 20 ደቂቃ እንዳይቆጠር፣ እረፍት በቅጣት፣ በማካካሻም ሆነ በኖት እንዳይነጠቅ በግልጽ ይጻፍ። ይህ በፈተና ሰሞንም ይሠራ፤ ልጆቹ ይበልጥ የሚጨነቁት ያኔ ነውና። ለትምህርት ቤቶች ደረጃ የሚሰጡት የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን ሲያዩ 4 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ቆመው የላይኞቹ ክፍሎች መውጣት አለመውጣታቸውን ይመልከቱ። ሜዳ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች በአካባቢያቸው ያሉትን የወጣት ማዕከላትና የስፖርት ማዘውተሪያዎች በጠዋቱ ባዶ ሰዓት የሚጠቀሙበትን መንገድ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያመቻች። በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ሕብረትም አፈጻጸሙን በየወሩ እንዲከታተል ሥልጣን ይሰጠው።

የመምህራን ቅሬታ አስቀድሞ ቢሰማ መልካም ነው። ለእነሱም ያቺ 20 ደቂቃ ሻይ መጠጫና እግር መዘርጊያ ናት፤ ሜዳ መጠበቁ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ከወደቀ መመሪያው በሁለተኛው ወር ይረሳል። ተራው በሰሌዳ ወጥቶ ርእሰ መምህራንን ጨምሮ ለሁሉም ይዳረስ። ከወላጆችም በሳምንት አንድ ጠዋት ለመጠበቅ ፈቃደኛ የሚሆን አይጠፋም። ጸሐፊዋ ረቡዕን ትመርጣለች።

የመጪው ዓመት ካላንደር ከመጽደቁ በፊት ቢሮው ወላጆችን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይህ ደብዳቤ በአክብሮት ይጠይቃል። የግድግዳው ካላንደር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በቀጠሮው ዕለት ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንድ ተማሪ እናት
ኮልፌ ቀራንዮ

ግልባጭ፦
ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት