የምናጓጉዘው ዕቃ ነው ወይስ «ሰው ምን ይለኛል»?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ስንቱ አዲስ ትዳር በዕዳ የሚጀምረው በእሱ ሰበብ ነው። ጉዳዩ ቤት መቀየር ነው፤ ያውም ከከተማ ወደ ከተማ።

የአዲስ አበባ ኪራይ ያንገሸገሸው፣ በሥራ የተዛወረው፣ አገሩ ገብቶ ሱቅ ሊከፍት ያሰበው ወንድም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ እናያለን። እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የመኪና ኪራይም አብሮ ወጥቷል። ከወራት በኋላ ወንድማችንን ስናገኘው «የመኪናው ዕዳ ገና አልለቀቀኝም» ይለናል።

እኛ ግን እንላለን፦ ያከሰረህ መኪናው አይደለም፤ የጫንክበት ነገር ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ኤንፒአር አይሱዙ ከ30 ኩንታል በላይ ይሸከማል። የወጣት ባልና ሚስት ዕቃ ተደምሮ የዚህን ግማሽ እንኳ አይመዝንም። ታዲያ መኪናው ለምን ይሞላል? የቤት ዕቃ መኪና የሚሞላው በክብደቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። ኤል ሼፕ ሶፋው፣ ቡፌው፣ የማይፈታው ቁም ሳጥን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚቀመጡበት ዓረቢያን መጅሊስ፤ አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ልብሱ፣ ድስቱ፣ ፍራሹና ኪታቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ጭነት ላይ ተደርቦ በሄደ ነበር።

«ሸጠን ብንሄድ እዚያ በውድ ልንገዛው ነው» የሚሉን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በስሜት ሳይሆን በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው የሚገኘው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ እዚህ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? እሱን ለመጫን ስንት ይጨመራል? እዚያ ተመጣጣኙ በስንት ይገኛል? ለምሳሌ ቡፌው እዚህ 10 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ እሱን ለመጫን 8 ሺህ ቢጨመር፣ እዚያ ደግሞ አናጺ በ15 ሺህ የሚሠራው ከሆነ፣ ይዞ መሄዱ 3 ሺህ ብር ኪሳራ ነው። ያውም መስታወቱ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሳይሰበር! በዚህ ሚዛን ፍሪጅና ፍራሽ ብዙ ጊዜ መሄድ አለባቸው። ቡፌ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቅረት አለበት።

ይህን ሒሳብ ሁሉም መሥራት ይችላል። የማይሠሩት ለምንድን ነው? «ባዶ እጁን ገባ ይሉናል» ብለው ነው። በሽታው ይኼ ነው! ጎረቤት አውራጅ ሆኖ ሳይሆን ቆጣሪ ሆኖ ስለሚቆም ነው። ለይዩልኝ ተብሎ የሚወጣ ብር ኢስራፍ ነው። ይህን በሠርግ ድግስ ላይ ስንናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ በሶፋ ሲመጣ ግን ሁሉም ዝም ይላል።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ለሶፋው ሳይሰስት የከፈለው ሰው ቁጠባው ትዝ የሚለው ወዛደሩ ፊት ሲቆም ነው። ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ፍሪጅ በጀርባው ያወረደውን ልጅ በመቶ ብር ይከራከረዋል። ወንድሜ፣ ይህ ቁጠባ ሳይሆን የሰው ሐቅ መብላት ነው። ዋጋውን ዕቃው ሳይነካ በፊት ተነጋገር፤ ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ክፈል።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሰፈሩ የእኛ ነው» ብለው ባለቤቱ የራሱን ዕቃ እንዳያወርድ ከልክለው የፈለጉትን ዋጋ የሚጠሩ ጫኝና አውራጆችን ዝም ብለን አናልፍም። አስገድዶ የተወሰደ ገንዘብ በረካ የለውም። ቤተሰብ ጎዳና ላይ አስቁሞ መደራደርም ሥራ ሊባል አይችልም።

ታዲያ የት ነው የሚቆጠበው? መጀመሪያ ተመላሽ መኪና ላይ። ከክፍለ ሀገር እህል ጭነው አዲስ አበባ የሚያራግፉ መኪኖች መመለሻ ጭነት ይፈልጋሉ። ባዶውን ከሚመለስ ሹፌር ጋር የሚደረግ ድርድርና ለእናንተ ብቻ ከሚነሳ መኪና ጋር የሚደረግ ድርድር አንድ አይደለም። ሹፌሩን ራሱን አነጋግሩ፤ ደላላ በመሐል በገባ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ወደዚያው የሚሄድ ሌላ ቤተሰብ ካለ አንድ መኪና ለሁለት ተከራዩ። አልጋውን ፍቱት፤ ልብሱን በማዳበሪያ አድርጋችሁ በብርጭቆና በድስት መሐል ጠቅጥቁት፤ ካርቶን መግዛትም ይቀራል።

የማይቆጠብበትም አለ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰው ቤት የሚቀይርበት ጊዜ ክረምት ነው፤ ሸራና ገመድ ላይ መሰሰት ፍራሹን ለዝናብ መስጠት ነው። የአውቶብስ ትኬት ለማትረፍ ሚስትንና ልጆችን ጭነት ላይ አሳፍሮ መሄድ ደግሞ በነፍስ መቀለድ ነው። ዕቃ አማና ከሆነ ቤተሰብማ ምን ሊሆን ነው?

በመጨረሻ ለጀመዓው አንድ ነገር እንበል። ወንድማችሁ ከተማ ሲቀይር ከዚህኛው መስጂድ አምስት ወጣት ለመጫን፣ ከዚያኛው አምስት ወጣት ለማውረድ ቢወጣ ከወጪው ስንቱ ይቀንሳል! አዲስ ጎረቤት ሲገባ «ምን ይዞ መጣ?» ብላችሁ በመስኮት አትቁጠሩ። አንድ ጫፍ ያዙ፤ የመጀመሪያውን ቀን ምሳ አብሉ። ሰው በፍራሽና በድስት ብቻ ገብቶ ሳይሳቀቅ የሚኖርበት ሰፈር ከፈጠርን ማንም ቡፌ ተሸክሞ ጣርማበርን አይሻገርም።

አላህ ባለን ላይ በረካ ያድርግልን፤ ከዕዳ ጭንቀትም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።