«ፍሪሲዮኑን ያቃጠለው ሹፌሩ ነው» ከማለታችን በፊት

የናፍጣ ፎር ዊል መኪና የተቃጠለ ነገር ሲሸት በእኛ አገር ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል። ባለቤቱ «ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን አቃጠለው» ይላል፤ መካኒኩ «ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ሹፌሩ ግን ዝም ነው። ቢናገርስ ማን ሊሰማው?

የእኔ አቋም ቀላል ነው። ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ካምቢዮ ከመውረዱና ከማንም ኪስ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ምርመራ ይደረግ። ለዚህ ደግሞ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጆርጅ አከርሎፍን ያውቀዋል። በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ እንዴት ሁሉም እንደሚጎዳ አሳየ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱም ሆነ። ጋራዥም እንደዚያው ነው። መካኒኩ ያውቃል፣ እናንተ አታውቁም። በመሀል ያለውን ክፍተት የምትሞሉት በገንዘባችሁ ነው።

እስቲ ከሽታው እንጀምር። የፍሪሲዮን ሸራና የፍሬን ሸራ ሲግሉ የሚሰጡት ሽታ ይቀራረባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መንገዱን አስታውሱ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከሸተተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሬን ነው። ድልድዩን አልፋችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ከሸተተ ደግሞ ፍሪሲዮን። መኪናውን አቁማችሁ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ የያዘ ፍሬን አለ ማለት ነው። የተቃጠለ ዘይት ከሸተተና ከሞተሩ አካባቢ ጭስ ካለ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ፈልጉ። የፕላስቲክ ሽታ ከሆነ ግን ሞተሩን አጥፉ፣ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬው ወደ ፍሪሲዮን ካመራ ሁለት ሙከራ አለ። አንደኛው፣ መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በ4ኛ ወይም በ5ኛ ማርሽ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ ነው። የሞተሩ ዙር ብድግ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከጎን የተቀመጠ ሰው የዙር መቁጠሪያውንና የፍጥነት መቁጠሪያውን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ (ሹፌሩ አይደለም፣ እባካችሁ)። ቪዲዮው በኋላ ለክርክር ይጠቅማል።

ሁለተኛው በቆመ መኪና ነው። ከፊት ሰውም ንብረትም በሌለበት የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግር ፍሬን ይረገጥ፣ 3ኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። እየሠራ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልያዘም። ይህን አንዴ ብቻ አድርጉ፤ መደጋገም ራሱ ያቃጥላል።

ማርሽ አልገባ ማለት ወይም የኋላ ማርሽ ሲገባ መንጨርጨር ግን ሌላ ችግር ነው። ያ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ዘይቱ ጎድሎ ወይም አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸትም አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። ሁሉንም «ሸራው አልቋል» ብሎ መጠቅለል ምርመራ ሳይሆን ግምት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፦ ያለቀ ፍሪሲዮን ሁሉ ሹፌር የጨረሰው አይደለም። ፍሪሲዮን በሕይወቱ ጫና ይቆጥራል። ከልክ በላይ የተጫነ ጭነት፣ ለማማር ተብሎ የተገጠመ ትልቅ ጎማ፣ ክፍተቱ በትክክል ያልተስተካከለ ፔዳል፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከፍታውንም ጨምሩበት። ብዙዎቹ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የሚጠቀሙበት 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ተርቦ የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። ሞተሩ አቅም ሲያጥረው ሹፌሩ ዳገት ላይ ለመነሳት ዙር ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑንም በግማሽ ይዞ ይቆያል። ሙቀቱ የሚወለደው እዚያ ነው።

በእርግጥ ሹፌርም ጥፋት አለበት። እግሩን ሙሉ ቀን ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፍ አለ። ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን የሚቆም አለ። ጭቃ ውስጥ ሎው ማስገባት ፈሪነት የሚመስለውም አለ። ሎው እኮ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ መኪናው ቀስ ብሎ በሙሉ ጉልበት ስለሚሳብ ፍሪሲዮኑን ማንሸራተት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ግን በምርመራ ይለይ ነው የምለው።

አንድ አብሮ አደጌ ለአንድ የመኪና አከራይ ሲነዳ «አቃጠልክ» ተባለ። ሸራው ተቀየረ፣ ወጪው ለወራት ከደመወዙ ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆይ ሽታው ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ሲከፈት አዲሱ ሸራ በዘይት ርሷል፤ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የዘይት ማኅተም ያፈስ ነበር። የመጀመሪያው መካኒክ ካምቢዮውን ባወረደ ቀን ቢያየው ኖሮ ሁለተኛው ወጪ አይኖርም ነበር። የተቆረጠው ደመወዝ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ቢፈቀድ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «አለቃዬ ተናደደ» የሚል ምክንያት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ለባለቤቶችም የምለው አለኝ። ፎር ዊል ላይ ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ የእጅ ዋጋው ሸራ ብቻ ቀየራችሁም ሙሉውን ቀየራችሁም ያው ነው። ስለዚህ ከተወረደ አይቀር ሸራው፣ የሚጫነው ዲስክና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ቮላኖው ይታይ፣ ማኅተሞቹ ይፈተሹ። ርካሽ ሸራ ገዝቶ ከወራት በኋላ ድጋሚ ማስወረድ ቁጠባ አይባልም። አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ፣ ፎቶ አንሱ። እስከ ብረቱ የተበላ ሸራ፣ በሙቀት የጠቆረ ሸራና በዘይት የራሰ ሸራ ለዓይን ይለያያሉ፤ የሚናገሩት ታሪክም የተለያየ ነው።

ሹፌር ለሆናችሁ ደግሞ፦ የመጀመሪያዋ ሽታ በመጣች ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ መልእክት አሳውቁ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጭነቱን፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት ጻፉ። ደብቆ መንዳት ሸራውን ብቻ ሳይሆን ቮላኖውንም ይበላል፤ በመጨረሻ የሚጠየቀውም የደበቀው ነው። አሠሪዎች በበኩላችሁ ቀድሞ የነገራችሁን ሰው አትቅጡ፤ ከቀጣችሁት የሚቀጥለው ሹፌር ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ከሸራ የበለጠ ያስከፍላችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሆነው የሚናገር ሰው ሲኖር ነው።