የወለድሽውን አንቺው አሳድጊ

ባለፈው ስለ ሕፃናት ጥርስ አወጣጥ ስጽፍ አንዲት አያት ደውለው፣ "ለመሆኑ አንቺ ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ዛሬ ልስጥ። ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የተመዘገበችው ልጄ ናት፤ ፈተናውንም የምትቀመጠው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ቤት ሆኜ ልጇን ይዤ እማራለሁ። በዚህ ዓይነት ስንት አያት በዚህ አገር ማስተርስ እየተማረ እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ዲላ፣ ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት ነው። ልጄ በአካውንቲንግ ዲግሪዋን ይዛ ቡና በሚገዛ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ታገለግላለች። አንደኛ ክፍል የገባ ወንድ ልጅና የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ ነበሯት። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማዬ፣ በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሴን ልማር አስቤአለሁ። ቅዳሜና እሁድ ነው። ሕፃኗን ትይዥልኛለሽ?" አለችኝ።

እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሳላስብ ከአፌ የወጣው፣ "የወለድሽውን አንቺው አሳድጊ" የሚል ነበር።

ልጄ ምንም አልመለሰችም። ረከቦቱን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን በራሴ ንግግር ደንግጬ ተቀመጥኩ። ያ ቃል የእኔ አልነበረማ! የአማቴ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት፣ የዲፕሎማ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ለዲግሪ ትምህርት የመሄድ ዕድል ደርሶኝ ነበር። ያኔ ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ መክረም ማለት ነው። ይህችው ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወናጎ ወዳሉት አማቴ ሄጄ ልጄን እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። ዓይኔን እንኳ ሳያዩ፣ "የወለድሽውን አንቺው አሳድጊ" አሉኝ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም በዲፕሎማዬ ጡረታ ወጣሁ። አማቴን ስቀብርም ቂሜ አብሮኝ ነበር፤ አሁን ሸምግዬ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ለማንኛውም በማግስቱ ልጄ ቤት ሄጄ "እይዛለሁ" አልኳት። ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት። "ይህን ትምህርት ለምን ፈለግሽው?" አልኳት። ይህን ጥያቄ እናንተም ለልጆቻችሁ ብታቀርቡ አይከፋም። ሳሎን ላይ የሚሰቀል የምርቃት ፎቶ ብቻ ለማግኘት ከሆነ ሁለት ዓመትና ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል። የእሷ መልስ ግን ሌላ ነበር። "እማዬ፣ በየዓመቱ ገበሬው ቡናውን ሲሸጥ ሒሳቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቁጥሩን እጽፋለሁ እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ።

በእኔ ወጣትነት የንግድ ትምህርት ሲባል በሁላችንም ጭንቅላት የሚመጣው አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ኮሜርስ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 የተከፈተ አንጋፋ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ልጁ "ኮሜርስ ገባ" የተባለለት አባት፣ ያኔውኑ የባንክ ሠራተኛ እንደወለደ ቆጥሮ ይኮራ ነበር። ዲላ ደግሞ ማስተርስ ይቅርና ኮሌጅም አልነበራትም። የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተከፈተልን በፈረንጆች 1996 ነው። ከዚያ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የእኔ ዕድል ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፤ ይሁን።

ፈተናው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሁሉ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል። ልጄ ሕፃኗን ጡት እያጠባች በሌላ እጇ የሒሳብ ጥያቄ ትሠራ ነበር። አለፈች። ከምዝገባው በፊት ግን ሁላችንም ተሰበሰብን፤ እሷ፣ ባለቤቷ፣ እኔና ባለቤቴ። ክፍያው ከየት ይመጣል? ልጁን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? የቅዳሜ ምሳ በማን ላይ ነው? የልጄ ባለቤት መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "እኔስ?" አለ በመጨረሻ። የሚገርማችሁ፣ የተቆጣ መስሎን የነበረው ሰውዬ የፈራው ብቻውን እንዳይቀር ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ የሚባል ነገር እንዳይገለጥ ተስማማን። ይህ ስምምነት ብዙ ጊዜ ፈርሷል፤ ግን ስምምነት መኖሩ በራሱ ጠቅሟል።

ነርስነቴ የረዳኝ በጡቱ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች ትምህርት ወይም ሥራ ሲጀምሩ ጡት ያስጥላሉ። አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ይቻላል። ልጄ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እጇን ታጥባ፣ በፈላ ውኃ በተቀቀለ ባለ ክዳን ዕቃ አልባ ትሄዳለች። አዲስ የታለበ የእናት ወተት ቤት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። ሲሞቅ እሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሕፃኗ የተረፈውን ደግሞ መልሳችሁ አታስቀምጡ፤ ድፉት። ከረፍድ በኋላ ልጄ ጡቷ ሲከብዳት በዕረፍት ሰዓት ወደ ቤት ትሮጣለች። ዲላ ከተማ ትልቅ አለመሆኗን ያን ጊዜ አመሰገንኩ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። የመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ የፋይናንስ ፈተና ቀን ነበር። ልጄ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕፃኗን ተቅማጥ ያዛት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ። ያለኝን ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጬ በማንኪያ መስጠት ጀመርኩ። ዓይኗ አልጎደጎደም፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ወዲያው ይመለሳል፤ ትጠጣለች፤ ደም የለውም። 35 ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው፤ ለክፉ እንደማይሰጥ አውቄአለሁ። ስለዚህ ለእናቷ አልደወልኩም። ፈተናዋን ትጨርስ ብዬ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት እየሳቀች ገባች። ነገርኳት። ሳቋ ቀጥ አለ። "ልጄ ታማ እንዴት አትነግሪኝም?" አለችኝ። ስለ ምልክቶቹ፣ ስለ ዚንኩ፣ ስለ ሁሉም ላስረዳት ሞከርኩ። "እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ። እናቷ ግን እኔ ነኝ። መምጣቴንም መቅረቴንም የምወስነው እኔ መሆን ነበረብኝ" አለች። ሦስት ቀን በደንብ አላነጋገረችኝም። ሕፃኗ በሁለተኛው ቀን ተሻላት፤ ዚንኩን ግን የታዘዘላትን ቀን ሁሉ አስጨርሰናታል፣ ተቅማጡ ሲቆም መድኃኒቱን የሚያቋርጡ ስለሚበዙ ነው ይህን የምጽፈው። ልጄ ልክ ነበረች። አያት ልጅ ይይዛል እንጂ የእናትን ውሳኔ አይይዝም። ከዚያ ወዲህ ፈተና ቢሆንም ባይሆንም እደውላለሁ፤ እሷም ስልኳን ለአስተማሪዋ አስፈቅዳ ከጎኗ ታስቀምጣለች።

ለራሷም አስጊ ጊዜ ነበር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እያነበበች ጠዋት ሥራ ትገባለች። አንድ ቀን የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ዝቅ አድርጌ ሳይ ነጭ ሆኗል። ለምርመራ ወሰድኳት፤ የደም ማነስ ነበር። ልጆቻችሁ ሲማሩ "ጎበዝ" ብቻ አትበሏቸው፤ ዓይናቸውንም እዩ።

ስለ ትምህርቱ እኔም ጥቂት ጥቂት ለቅሜአለሁ። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ የሚሉት ነገር አለ። ዛሬ በእጅ ያለ ብርና ከወራት በኋላ የሚመጣ ብር አንድ አይደሉም ማለት ነው። ልጄ ምሳሌውን በቡና አደረገችልኝ። በእኛ ጌዴኦ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እጅ ያጥራል። ያን ጊዜ ገበሬው ለልጅ ደብተር ወይም ለሕክምና ብር ሲፈልግ፣ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል። "2,000 ብር በነሐሴ ወስዶ በኅዳር 3,500 ብር የሚያወጣ ቡና ቢያስረክብ፣ በሦስት ወር 75 በመቶ ወለድ ከፈለ ማለት ነው" አለችኝ። "ወለድ ግን አይሉትም። ስም የሌለው ወለድ ነው።"

በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ስም አወራችኝ። በፈረንጆች 2006 እና 2007 አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነስቶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። በ2007 በስምምነት አለቀ። ይርጋጨፌ ከእኛ ቤት 40 ኪሎ ሜትር አይርቅም። የስሙ ዋጋ ይህን ያህል ከሆነ የለቃሚዋ እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ያገኘችው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ በዛፍ ላይ ስለሚሸጥ ቡና ልትጽፍ ወሰነች። (አንድ ጓደኛዋ "ከፍለሽ አጽፊው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው" ብሏት ነበር። "ታዲያ ሕፃኗን የያዝኩት ለማን ነው?" አልኳትና ተሳሳቅን። ግን እውነቴን ነው።)

ባለፈው ጥር ወናጎ ወደሚገኘው የባለቤቴ ቤተሰቦች ማሳ አብረን ሄድን። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ አንዱ በሌላው ሥር የበቀለበት የጓሮ ደን ነው፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚህ አተካከሉ ነው። ልጄ ደብተሯን ይዛ አጎቶቿን እየጠየቀች፣ ባለቤቴ ጌዴኡፋውን እየተረጎመላት፣ እኔ ሕፃኗን አዝዬ ቆሜአለሁ። ድንገት ባለቤቴ ትርጉሙን አቁሞ የራሱን ነገር መናገር ጀመረ።

"እኛም ቤት ደርሷል። ታናሽ ወንድሜ ታሞ አዋሳ ሲታከም የዓመቱ ቡና በሙሉ በነሐሴ ተሸጠ። እናቴ ለቤት የሚሆን ስታጣ፣ ቡና መፈልፈያው ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየለቀመች ነበር የከረመችው። ለማንም አትንገር ብላኝ ነበር።"

"መቼ ነው?" አልኩት።

ዓመቱን ነገረኝ። ልጄን ይዤ የለመንኳቸው ዓመት ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍራ ነዋ። ነርስ ምራት አለችኝ እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ስትኮራብሽ፣ ለዕዳ በቀን ሥራ መግባቷን እንድታውቂ አልፈለገችም።"

ልጄ እስክሪብቶዋን አንስታ ነበር፤ አየችኝና አስቀመጠችው። እኔ ሕፃኗን እንዳዘልኩ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መቃብር ሄጄ ትንሽ ቆምኩ። ምን እንዳልኩ ለራሴ ይቅር።

አሁን ጽሑፉ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። አማካሪዋ ሁለተኛውን በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው መልሰውላታል፤ ሕፃኗ ደግሞ በሰማያዊ ጨምራበታለች። ልጄ የአያቷን ታሪክ ስማቸውን ሳትጠቅስ ልታስገባው ፈቃዴን ጠየቀችኝ። "አባትሽን ጠይቂ፤ የእሱ እናት ናቸው" አልኳት። እሱም ሁለት ቀን አስቦ ፈቀደ።

ይህን የምጽፍላችሁ አርብ ማታ ነው። ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይንኳኳል። ልጅቷ አሁን ጡት እየተወች ስለሆነ ገንፎዋን ሌሊት ተነስቼ አዘጋጃለሁ።