መጫወቻው ባቡር ላብ ይግባ

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ደግሞ ባለፈው ሴሚስተር በልጅ መጫወቻ ተጫውተን የተወጋነው በገዛ ስህተታችን ነው። ነገሩን ላጫውታችሁና መጨረሻ ላይ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስት ሆነን የፕሮጀክት ርዕስ ስናስገባ «መጫወቻ ባቡሮችን በማግኔቲክ ስዊች መቆጣጠር» ብለን ጻፍን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ኢንጂነር ልትሆኑ ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት ልትከፍቱ?» ያለን ልጅም ነበር። አንድ መምህራችንም ርዕሱ እንደቀለለባቸው ነግረውን በብዙ ልመና ነው የፈቀዱልን። እውነቱን ለመናገር እኛም የመረጥነው ቀላል መስሎን ነው።

ሪድ ስዊች የሚባለው ዕቃ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ የመስታወት ቱቦ ነው። ውስጡ ሁለት ስስ የብረትና የኒኬል ቅይጥ ምላሶች ተቀራርበው፣ ግን ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። ማግኔት ሲጠጋቸው ተሳስበው ይገናኛሉ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ማግኔቱ ሲርቅ ደግሞ ይለያያሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያ የነበረው ዋልተር ኤልውድ የፈለሰፈው ይህ ዕቃ ዛሬም በበር አላርምና በብስክሌት ፍጥነት መለኪያ ውስጥ ይገኛል። አቧራ አይገባበትም፣ የመስኮት ብርሃንም አያሳስተውም።

ሐዲዱን በኤሌክትሪክ በማይገናኙ 4 ክፍሎች ለያየነው። በየክፍሉ መግቢያና መውጫ አንድ አንድ፣ በድምሩ 8 ስዊቾች ቀበርን። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ያወጣናቸውን ትንንሽ ማግኔቶች ከባቡሮቹ ሆድ ሥር ለጠፍን። ሕጉ ቀላል ነው፦ የመግቢያው ስዊች ሲነካ ክፍሉ ተይዟል፣ የመውጫው ሲነካ ነፃ ነው። ባቡር ባለበት ክፍል ሌላ ባቡር አይገባም።

የመጀመሪያው ፈተና ቶሎ መጣ። አንዱን ባቡር ኮምፒውተሩ ሦስት አድርጎ ቆጠረው! ለካስ ምላሶቹ ሲገናኙ ለጥቂት ቅጽበት ይነጥራሉ። ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ለ20 ሚሊ ሰከንድ ሌላ እንዳይሰማ በፕሮግራሙ አዘዝነውና ተገላገልን። «ይኼው ነው እንዴ?» አልን።

ጉዱ የመጣው በማቅረቢያችን ዕለት ነው። ቀርፋፋው የዕቃ ባቡር ከፊት፣ ፈጣኑ ከኋላ እየሄዱ ነበር። የዕቃው ባቡር 2ኛው ክፍል ሲገባ የመግቢያው ስዊች ዝም አለ። ሽቦዋን በደንብ አልበየድናትም ኖሮ ተላቃለች። ኮምፒውተሩም 2ኛው ክፍል ባዶ ነው ብሎ ፈጣኑን አስገባው። ቋ! ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ያን ዕለት ማታ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ጥፋቱ የሽቦዋ ብቻ አልነበረም፣ ሽቦ ምንጊዜም ይላቀቃል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ የሴንሰርን ዝምታ «ባቡር የለም» ብለን ተረጎምነው። ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት የሐዲድ ሰርኪዩት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ውስጥ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ አንድ ሪሌይ ይዞ ያቆያል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና አክስሉ ብረቶቹን ያገናኛሉ፣ ሪሌዩ ይለቃል፣ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ባትሪው ቢያልቅም ቀይ፣ ሽቦው ቢበጠስም ቀይ። ሲበላሽ ወደ ደኅንነት ይወድቃል ማለት ነው። የኛ ሲበላሽ ወደ አደጋ ነበር የወደቀው።

ስለዚህ ሕጉን ገለበጥነው። አንድ ባቡር ወደ ክፍሉ እንዲገባ ስንፈቅድ፣ ስዊቹን ሳንጠብቅ ክፍሉ ተይዟል ብለን እንመዘግባለን። ነፃ የሚሆነው ባቡሩ የቀጣዩን ክፍል ስዊች ሲነካ ብቻ ነው። ያልተፈቀደ ክፍል ኤሌክትሪክ አያገኝም። መጨረሻው ፉርጎ ላይም ማግኔት ጨመርን፣ ምክንያቱም ተቆርጦ የቀረ ፉርጎ ካለ ክፍሉ ነፃ አይደለም። አሁን ሽቦ ብንነቅል ባቡሮቹ ይቆማሉ እንጂ አይጋጩም። ይዘገያል፣ ግን ሰው አይገድልም።

«እውነተኛ ባቡር በሪድ ስዊች አይሄድም፣ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ዋናዎቹ መስመሮች የሐዲድ ሰርኪዩትና የአክስል ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት። እኔ ግን የምለው ስለ ዕቃው አይደለም፣ ስለ አስተሳሰቡ ነው። «ፌይል ሴፍ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ጽፈነዋል፣ ፈተና ላይም መልሰነዋል። አንዳችንም ግን አልገባንም ነበር። አገራችን የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲን የኤሌክትሪክ መስመር በ2009 ዓ.ም. አስመርቃለች። ነገ እነዚህን የሚጠግነው ማነው? እኛው አይደለን? ታዲያ የመጀመሪያውን ግጭታችንን ጠረጴዛ ላይ ብናየው አይሻልም?

ሐሳቤ አጭር ነው። ዲፓርትመንታችን ላብ ውስጥ ለመጫወቻው ባቡር አንድ ጠረጴዛ ይፍቀድ። ፕሮጀክት ሲገመገም ደግሞ መምህሩ ዝም ብለው አንድ ሽቦ ይንቀሉና ምን እንደሚሆን ይዩ። የባቡር ብቻ ሳይሆን የሊፍቱም፣ የውኃ ፓምፑም ፕሮጀክት እንዲሁ ይፈተን። ሲሠራ ማሳየትማ ሁላችንም እንችልበታለን፣ ሲበላሽ ወዴት እንደሚወድቅ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የሳቃችሁብን ወንድሞችና እህቶች መጥታችሁ አንድ ሽቦ ንቀሉ። ቸር ይግጠመን!